ለአክሚ የሚሆን ማውዝ፦ መሃል ጣትን የማያደክም የመሃል ቁልፍ

ጥያቄ፦ «ሊኑክስ ላይ ፕላን ናይን ፖርትን ጭኜ በአክሚ ነው የምሠራው። የምጽፈው ኮድና የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ማውዝ ከእጄ አይለይም። ማውዜ ጎማ ያለው ተራ ማውዝ ነው። መሃል ጣቴን ከጀርባው ጀምሮ እስከ ክንዴ ድረስ ያመኛል። ጎማውን ስጫን ጽሑፉ ይንሸራተትብኛል። ፔስት ሳደርግ ደግሞ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሌላ ነገር ይፈጽማል። ምን ዓይነት ማውዝ ልግዛ? ቨርቲካል የሚሉት ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ከነገሩን ሦስት ችግሮች ሁለቱ ከማውዙ አሠራር የመጡ ናቸው። ሦስተኛው፣ ፔስት አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ማለቱ፣ የሴቲንግ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ማውዝ ቢገዙም አብሮዎት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር፤ ገበያ መውጣቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አክሚን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ አክሚ በማውዝ የሚሠራ የጽሑፍና የኮድ ኤዲተር ነው፤ ፕላን ናይን ፖርት ደግሞ እሱን ጨምሮ የፕላን ናይን ሥርዓት ፕሮግራሞችን ወደ ሊኑክስ ያመጣ ስብስብ ነው። በአክሚ ሦስቱም የማውዝ ቁልፎች እኩል ሥራ አላቸው። አንድ ቁጥር (ግራው) ጽሑፍ ይመርጣል። ሁለት ቁጥር (መሃሉ) የተነካውን ቃል እንደ ትዕዛዝ ያስፈጽማል። ሦስት ቁጥር (ቀኙ) የተነካውን ቃል ይፈልጋል፤ የፋይል ስም ከሆነም ይከፍተዋል። ከዚህ ሌላ ጥምሮች አሉ። አንድን እንደያዙ ሁለትን ነካ ካደረጉ ከት ነው፤ አንድን እንደያዙ ሦስትን ነካ ካደረጉ ፔስት ነው፤ አንድን ሳይለቁ ሁለትንና ሦስትን በተከታታይ ከነኩ ኮፒ ይሆናል። ሁለትን ይዘው አንድን ሲነኩ ደግሞ አስቀድመው የመረጡት ጽሑፍ ለትዕዛዙ ግብዓት ሆኖ ይሰጠዋል። በሌላ ኤዲተር በኪቦርድ የሚሠራው ግማሹ ሥራ እዚህ ጣት ላይ ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ ፔስቱ። ሊኑክስ ላይ የማውዝን ምልክት የሚቀበለው ሊብኢንፑት የሚባለው ክፍል «ሚድል ኢሙሌሽን» የሚል አማራጭ አለው። ይህ አማራጭ ሲበራ ግራና ቀኝ ቁልፎች በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተከታትለው ከተጫኑ ሁለቱንም ትቶ እንደ አንድ የመሃል ቁልፍ ይቆጥራቸዋል። የአክሚ ፔስት ደግሞ ግራን ይዞ ቀኝን መንካት ነው። ቀስ ብለው ሲሠሩ ግራው ብቻውን ስለሚመዘገብ ፔስቱ ይሠራል፤ እጅዎ ሲፈጥን ግን ስርዓቱ ሁለት ቁጥርን ጫኑ ብሎ ያስባል፣ አክሚም ከቀስቱ ስር ያለውን ቃል እንደ ትዕዛዝ ሊያስፈጽም ይሞክራል። «አንዳንዴ ይሠራል» ያሉት ምልክት ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። የመሃል ቁልፍ ባለው ማውዝ ላይ ይህ አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኬዲኢ በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ የማውዝ ሴቲንግ ውስጥ ሳይታወቅ ሊበራ ይችላል፤ ስርዓቱ የመሃል ቁልፍ የለውም ብሎ ባመነው መሣሪያ ላይም በርቶ ይገኛል። ስክሪንዎን የሚያስተዳድረው ኤክስ የሚባለው ሥርዓት ከሆነ፣ ኤክስኢንፑት በሚባለው ትዕዛዝ የማውዝዎን ባሕርያት ዘርዝረው ሚድል ኢሙሌሽን የሚለውን ወደ 0 ያዙሩት።

እሱ ቀድሞም ጠፍቶ ከተገኘ ተጠርጣሪው የግራው ስዊች ነው። ማውዝ ሲያረጅ ስዊቹ ውስጥ ያለችው ቀጭን የመዳብ ቅጠል ጫፏ ይበላል፣ ዝገትም ይይዛታል፤ ተጭና ሳለ ለቅጽበት ትለቃለች፣ ተመልሳ ትይዛለች። በተራ ኤዲተር አንድ ክሊክ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። በአክሚ ግን አንድ ቁጥር ለቅጽበት ከለቀቀች በኋላ የሚመጣው የሁለት ቁጥር ንክኪ ከት መሆኑ ይቀርና ትዕዛዝ ማስፈጸም ይሆናል። ለማረጋገጥ ኢቪቴስት የሚባለውን የማውዝ ምልክት መመልከቻ ፕሮግራም ከፍተው የግራውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ማውዙን ለአሥር ሰከንድ ያንቀሳቅሱት። መታየት ያለበት መጀመሪያ ላይ አንድ 1፣ ሲለቁ አንድ 0 ብቻ ነው። በመሃል 0 ብቅ ካለ ስዊቹ አልቋል። ሊብኢንፑት ራሱ እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ በከፊል ስለሚያጣራው ጥሬውን የሚያሳየው ኢቪቴስት ነው የሚያስፈልግዎ።

ይህን ካጸዱ በኋላ የሚቀረው የጣትዎ ሕመም ነው። ሕመሙ የመጣው ከጎማው ሳይሆን አይቀርም የምለው በሚከተለው ምክንያት ነው።

ሮብ ፓይክ አክሚን በቤል ላብስ ሠርቶ በጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ማይክሮሶፍት ጎማ ያለውን ኢንተሊማውዝ ያወጣው በ1996። አክሚ ሲታሰብ በማውዙ መሃል የነበረው እንደ ግራና ቀኙ ያለ፣ ጣት ተኝቶ የሚያርፍበት ሰፊ ቁልፍ ነበር። ጎማው ሲመጣ ያንን ቦታ ወሰደ። እንዲጫን ተደርጎ ቢሠራም ዋና ሥራው መሽከርከር ነው፤ መጫኑ በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚፈልገው ሰው የተተወ ተጨማሪ ነው። እርስዎ ግን በቀን ውስጥ ደጋግመው ዋናው ቁልፍ አድርገውታል።

ማውዙን ከፍተው ቢያዩት ነገሩ በዓይን ይታያል። ግራና ቀኝ ቁልፎች ስር የተቀመጡት ማይክሮስዊች የሚባሉት ናቸው፤ ብዙ ማውዝ ላይ የሚገኘው የኦምሮን ዲቱኤፍሲ ዓይነት ወደ 75 ግራም በሚሆን ግፊት ይነቃል። ከጎማው ስር ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 በ6 ሚሊሜትር የሆነ፣ በአናቱ ትንሽ ክብ ጉብታ ያለው ርካሽ ታክት ስዊች ነው። የጎማው ዘንግ አንዱ ጫፍ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላኛው ጫፍ ስዊቹ ላይ ያርፋል። ጣትዎ የሚጫነው መሃል ላይ ያለውን ጎማ ስለሆነ ስዊቹ ከሚጠይቀው ግፊት ሁለት እጥፍ ያህል ማውጣት አለበት። የ150 ግራም ስዊች ጣት ላይ 300 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ከጎኑ ካለው ቁልፍ ጋር ሲያስተያዩት አራት እጥፍ ነው።

ክብደቱ ብቻ አይደለም። ጎማው ከማውዙ ገጽ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ጣት ሙሉ በሙሉ ሊያርፍበት አይችልም፤ ካረፈበት ይሽከረከራል። ስለዚህ መሃል ጣትዎ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ጣትን ወደ ላይ አንስቶ የሚያቆየው ጡንቻ ያለው በክንድ ጀርባ፣ ከክርን በታች ነው። ከጣቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ክንድ ድረስ የሚሰማዎት ሕመም የሚያልፍበት መንገድም ይኸው ነው። መጫኑ ይጎዳል፤ አንስቶ ማቆየቱ ግን ይብሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ለስላሳ ጎማ ብቻ ይፈልጋል።

የጽሑፉ መንሸራተትም ከዚሁ ይመጣል። ጎማ ሲጫኑት ብዙ ጊዜ ጥቂት ይዞራል። በትዕዛዙ ቃል ላይ አነጣጥረው ሲጫኑ ጽሑፉ አንድ ወይም ሁለት መስመር ከፍ ይላል፣ ከቀስቱ ስር ሌላ ቃል ይገባል፣ የሚፈጸመውም ያ ሌላው ቃል ነው። ወደ ጎን የሚያዘነብል ጎማ ያለው ማውዝ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቀጥ ብሎ ካልተጫነ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ምልክት ይልካል፣ የመሃሉን ቁልፍ ግን አይልክም። ለእርስዎ ሥራ እንዲህ ያለውን በነፃም ቢሰጡዎት አይውሰዱ።

ስለዚህ ፍለጋው አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ሁለት ቁጥርን ከጎማው ላይ ማንሳት። ይህን ለማድረግ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ጎማ የሌለው እውነተኛ ባለሦስት ቁልፍ ማውዝ ማግኘት ነው። በአክሚ ተጠቃሚዎች ዘንድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የኤችፒ ባለሦስት ቁልፍ ኦፕቲካል ማውዝ ነው፤ የዕቃ ቁጥሩ ዲዋይ651ኤ ነው። ሦስት ረጃጅም ቁልፎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው። አሁን በአብዛኛው የሚገኘው ከቆየ ክምችትና ከሁለተኛ እጅ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ቁጥሩን ጽፈው ይስጡት፤ «ባለሦስት ቁልፍ» ብቻ ካሉት ጎማ ያለው ይዞልዎት ይመጣል። ጎማ ማጣቱ አያስጨንቅዎ። በአክሚ ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ቀጭን ማሸብለያ በሦስቱም ቁልፎች ይሠራል፤ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ፣ ሦስት ቁጥር ወደ ፊት ይወስዳል፣ ሁለት ቁጥር ደግሞ በቀጥታ ወደሚፈልጉት የፋይሉ ክፍል ያደርሳል። ቀስቱን ከማሸብለያው አናት አጠገብ አድርገው ቢነኩ ጥቂት መስመር፣ ዝቅ አድርገው ቢነኩ ብዙ መስመር ይሄዳል። በሳምንት ውስጥ እጅ ይለምደዋል።

ሁለተኛው፣ ዛሬውኑ ሊሞክሩት የሚችሉት፣ ሁለት ቁጥርን ወደ አውራ ጣት ማዛወር ነው። በጎኑ «ወደ ኋላ» እና «ወደ ፊት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ማንኛውም ማውዝ ይበቃል። ኤክስ ለእነዚህ የሚሰጣቸው ቁጥር 8 እና 9 ነው። በኤክስኢንፑት የቁልፎቹን ተራ ሲያስገቡ 1 2 3 4 5 6 7 2 9 ብለው ይጻፉ፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ የገባው 2 የኋለኛውን የጎን ቁልፍ የመሃል ቁልፍ ያደርገዋል። የፊተኛው ለአውራ ጣትዎ የሚቀርብ ከሆነ ዘጠነኛውን ይቀይሩ። ማውዙ ተነቅሎ ሲሰካ ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቅያሪው ስለሚጠፋ ትዕዛዙን በመነሻ ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡት። ከኤክስ ይልቅ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ ሥርዓት ላይ ከሆኑ ኤክስኢንፑት አይሠራልዎትም፤ ኢንፑት ሪማፐር የሚባለውን ፕሮግራም ጭነው ያንኑ ያድርጉ።

በዚህ አያያዝ ሌባ ጣት ግራው ላይ፣ መሃል ጣት ቀኙ ላይ ተኝተው ይውላሉ፤ አየር ላይ የሚንጠለጠል ጣት አይኖርም። ከት ማድረግ ግራን ይዞ በአውራ ጣት ነካ ማድረግ ሲሆን ከሌላው ሁሉ የቀለለ ነው። ኮፒም እንዲሁ፦ ሌባ ጣት እንደያዘ አውራ ጣት ነካ፣ መሃል ጣት ነካ። የሚከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብዙ ቃላት ያሉትን ትዕዛዝ በሁለት ቁጥር እየጎተቱ መምረጥ። አውራ ጣት እየተጫነ ማውዙን ሲገፋ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከወዲያኛው ጎን መመለስ አለባቸው። ጎኑ ለስላሳና የሚያንሸራትት ማውዝ ከሆነ ያ ግፊት ሁሉ ወደ አውራ ጣት ሥር ይሄዳል፣ ሕመሙን ከአንድ ጣት ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሲመርጡ የጎኑ ቁልፍ አውራ ጣትዎ በራሱ በሚያርፍበት ቦታ መሆኑን ይዩ፤ ለመድረስ ጣትዎን ማጠፍ ወይም መዘርጋት ካስፈለገ አይሆንም። እንዲህ እየጎተቱ መምረጡ ከበዛብዎ ትዕዛዙን በአንድ ቁጥር መርጠው፣ በመረጡት ላይ ሁለት ቁጥርን አንዴ ነካ ያድርጉ፤ ውጤቱ ያው ነው።

ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፣ ቢበላሽም መተኪያ አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ እጅዎ ላይ ያለውን ማውዝ ማቅለል ነው፤ ጎማውን ሳይተው በሦስት ጣት መሥራት ለሚወድ ሰው። ታክት ስዊች በተለያየ ግፊት ይሠራል። የኦምሮን ቢ3ኤፍ ተከታታይ ውስጥ ቁመቱ 4.3 ሚሊሜትር የሆነው በ100፣ በ150 እና በ260 ግራም ይመጣል፤ የዕቃ ቁጥራቸው በቅደም ተከተል 1000፣ 1002 እና 1005 ነው። ከባዱን አውጥቶ በ100 ግራሙ መተካት ጣት ላይ የሚሰማውን ክብደት በግልጽ ይቀንሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማውዙ ሆድ ስር ያሉትን ማንሸራተቻ ጫማዎች ወይም ተለጣፊውን በጥንቃቄ ያንሱ፤ ብሎኖቹ እዚያ ስር ናቸው። ሽፋኑ ሲነሳ ጎማውን ወደ ላይ ያውጡት፤ በአንድ ጎኑ የሚሽከረከረውን የሚያነበው ክፍል አለ፣ በሌላው ጎን ከዘንጉ ጫፍ ስር ታክት ስዊቹ አለ። ከመንቀልዎ በፊት ቁመቱን ከሰሌዳው እስከ ጉብታው አናት ድረስ ይለኩ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት፦ አዲሱ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ካለ ጎማው ሁልጊዜ ተጭኖ ይቀራል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ እስከ ታች ቢጫኑትም አይነካም። የሶልደሪንግ ብረቱን ወደ 350 ዲግሪ አሙቀው አዲስ ሊድ ጨምሩበት፣ በመምጠጫ ሽቦ አጽድተው ስዊቹን ሳይጎትቱ ያውጡት። በርካሽ ሰሌዳ ላይ መጎተት የመዳቡን ቀለበት ነቅሎ ይዞ ይወጣል። መበየድ ካልለመዱ ሞባይል የሚጠግን ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ስዊቹን ግን እርስዎ ገዝተው ይውሰዱለት፣ አለበለዚያ በእጁ ያገኘውን ከባድ ስዊች ሊገጥምልዎ ይችላል።

አሁን ስለ ቨርቲካሉ። እጅ ለሰላምታ እንደተዘረጋ ሆኖ የሚያዝ ማውዝ ክንድ ወደ ውስጥ ተጠማዝዞ መዋሉን ይቀንሳል፤ የክንዳቸው መጠማዘዝ ለሚያማቸው እውነተኛ ጥቅም አለው። የእርስዎ ሕመም ግን የሚመጣው ጣትን ከማንሳት ስለሆነ፣ ጎማ የሚጫኑበት ቨርቲካል ገዝተው ችግሩን አይፈቱትም። ሌላም ነገር አለ። በተራ ማውዝ ላይ ቁልፍ ሲጫኑ ግፊቱ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ በቨርቲካል ላይ ግፊቱ ወደ ጎን ስለሆነ አውራ ጣት ከተቃራኒው ጎን ካልደገፈ ማውዙ ይንሸራተታል፣ ቀስቱም ከቃሉ ላይ ይወርዳል። አክሚ ውስጥ ቀስት አንዲት ፊደል ብትስት ትርጉሟ ይለወጣል። ቨርቲካል የግድ ከፈለጉ ኢቮሉየንት የሚባለውን ይዩ፤ ለሦስቱ ጣቶች ሦስት ዋና ቁልፎች ስላሉት ከሌሎቹ ለዚህ ሥራ ይቀርባል። የግራ እጅም የቀኝ እጅም አለው፣ ለትንሽ እጅ የሚሆንም ተሠርቷል። ሊኑክስ ላይ የቁልፎቹ ቁጥር እንደጠበቁት ላይሆን ስለሚችል ከላይ ባልኩት መንገድ ማስተካከል ሊኖርብዎት ይችላል።

ፈጽሞ የማይሆኑትን በአጭሩ። የአፕል ማጂክ ማውዝ የመሃል ቁልፍ የለውም፣ ግራና ቀኝንም በአንድ ጊዜ ተጭነው ሊይዙበት አይችሉም፤ ጥምሮቹ ሁሉ ይቀራሉ። ማክ ላይ ኦፕሽንን ይዞ መንካት ሁለት ቁጥርን፣ ኮማንድን ይዞ መንካት ሦስት ቁጥርን ይተካል፤ ለጉዞ ያገለግላል፣ ለስድስት ሰዓት ግን አይሆንም። ጎማው ሲጫን የመሽከርከሪያውን ዓይነት የሚቀይር ማውዝም አለ፤ መጫኑ ለሌላ ሥራ ተወስዷልና ይለፉት። ትራክቦል ለአንዳንድ እጅ ይስማማል፣ ነገር ግን ቁልፍ ይዞ ኳስ እያንከባለሉ መምረጥ ከባድ ነው።

ቲንክፓድ ካለዎት ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አገራችን ውስጥ በሁለተኛ እጅ ብዙ ስለሚገኝ ጠቃሚ ነው። በኪቦርዱ መሃል ካለችው ቀይ ነጥብ ጋር አብረው የሚሠሩት ሦስቱ ቁልፎች እውነተኛ ሦስት ቁልፎች ናቸው፣ ግፊታቸውም ቀላል ነው። ነገር ግን ሊብኢንፑት የመሃሉን ተጭኖ ነጥቧን በመግፋት ማሸብለል እንዲቻል አድርጎ ያዘጋጀዋል። በዚያ ምክንያት የመሃሉ ቁልፍ መጫኑ ለአክሚ የሚነገረው ወዲያው አይደለም፤ ማሸብለል ይሁን ክሊክ እስኪለይ ይዘገያል፣ ጥምሮቹም ይበላሻሉ። የማሸብለያ ዘዴውን ወደ «ምንም» ሲቀይሩት ሁለት ቁጥር ወዲያውኑ ይደርሳል።

መጠን ላይ አጭር ልሁን። እጅዎን ዘርግተው ከአንጓው መታጠፊያ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ይለኩ። ከ17 ሴንቲሜትር በታች ትንሽ፣ ከ17 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ትልቅ እጅ ነው። ለሦስት ጣት አያያዝ ከርዝመቱ ይልቅ የፊቱ ስፋት ይወስናል፤ ከፊት 6 ሴንቲሜትር የማይሞላ ማውዝ ላይ የቀለበት ጣት ከጠርዙ ይወድቃል፣ እጅም ለመያዝ ይጨመደዳል። ባትሪ የሚገባበት ከሆነ ክብደቱን ይዩ፤ አንድ ድርብ ኤ ባትሪ 23 ግራም ያህል ነው፣ ሁለት ሲሆኑ ማውዙን በግልጽ ያከብዱታል።

ሽቦ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። ሽቦ አልባው ኃይል ለመቆጠብ ሲያንቀላፋ የመጀመሪያው ንክኪ ለማንቃት ብቻ ይውልና ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋው አንድ ቁጥር ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለት ቁጥር ብቻውን ትዕዛዝ ይሆናል። ሽቦ አልባ ከያዙ መቀበያውን ከሰማያዊው ዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ አርቀው በአጭር ማራዘሚያ ጠረጴዛ ላይ ያውጡት፤ ዩኤስቢ 3.0 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጩኸት ስለሚያወጣ ምልክቱን ይረብሸዋል።

ሱቅ ሲሄዱ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። ማሸጊያ ላይ ያለው ስም የማውዙን ውስጥ አይነግርም፤ አስመስለው የተሠሩም አሉ። ሰክተው አክሚን ክፈቱና ሻጩ ፊት ይህን ያድርጉ፦ ጎማውን 20 ጊዜ ቀጥ አድርገው ይጫኑ፣ ጽሑፉ አንዴም ከተንሸራተተ ይተዉት። ግራን ይዘው መሃልን፣ ከዚያ ቀኝን እየነኩ አንድን ቃል አሥር ጊዜ ኮፒ ያድርጉ። ግራን ይዘው አንድ ሙሉ ገጽ በዝግታ እየጎተቱ ይምረጡ፤ ምርጫው መሃል ላይ ከተሰበረ ስዊቹ ደካማ ነው። መጨረሻ ላይ ሦስቱንም ጣቶች ቁልፎቹ ላይ አሳርፈው ምንም ሳይጫኑ አንድ ደቂቃ ይቆዩ። አንዱ ጣት ወደ ላይ እየተነሳ መሆኑ ከተሰማዎት ያ ማውዝ ለእጅዎ አይደለም። ይህ የመጨረሻው ፈተና ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ሻጩ ቢቸኩልም አይዝለሉት።

ከማውዙ ጎን ለጎን ጠረጴዛውንም ይዩት። ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ አንጓዎ ወደ ላይ ሳይሰበር ቀጥ ማለት አለበት። ጠረጴዛው ከፍ ያለ ከሆነ ወንበሩን ከፍ አድርገው እግርዎን መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። ማውዙ ከኪቦርዱ አጠገብ ይሁን፤ በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ እጅን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግራ እጅዎ ሥራ ፈት ከሆነ ማውዙን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ግራ ማዛወርም ይረዳል፤ ተራውን 3 2 1 ካደረጉት ሌባ ጣት እንደገና አንድ ቁጥርን ይይዛል። ለዚህ ግን ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ማውዝ ያስፈልጋል።

አማርኛ ፋይል ላይ ስለሚሠሩ ሌላውን ሰው የማያጋጥም አንድ ነገር አለብዎት። አክሚ ሁለቴ ሲነኩ ቃል የሚለየው ከቃል ውጭ የሆኑትን የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥቦች ብቻ በስም አውቆ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የዩኒኮድ ፊደል ሁሉ የቃል አካል አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ «ሰላም።» ላይ ሁለቴ ቢነኩ አራት ነጥቡም አብሮ ይመረጣል። ቃላቱ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያዩበት የቆየ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሐረጉ እንደ አንድ ቃል ይያዛል። ውጤቱ፣ አማርኛ ላይ እየጎተቱ መምረጥ ይበዛል፤ ያ ደግሞ በተጫነ ጣት ትክክለኛ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። የማውዙን ፍጥነት ወደ 800 ዲፒአይ አውርደው፣ የቀስቱን ማፍጠኛ ወደ «ፍላት» ቢያደርጉት ቀስቱ በፊደሎች መካከል ለማቆም ይቀላል። ፎንቱንም ከፍ ያድርጉት። አማርኛ ፊደል በትንሽ መጠን ሲታይ እግሩና ቀለበቱ ስለሚጣበቅ ዓይን ይጠጋል፣ ትከሻ ይጎብጣል፣ እጅም ይጨብጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በ16 መጠን ከፍተው ይሞክሩት።

ስለ ሕመሙ የመጠበቂያ ጊዜ ልስጥዎ። ሁለት ቁጥርን ዛሬ ወደ አውራ ጣት አዛውረው ለሁለት ሳምንት ጎማውን መጫን ፈጽመው ይተዉ፤ ለማሸብለልም ማሸብለያውን ይጠቀሙ። የእርስዎ ሕመም ከጣት ማንሳት የመጣ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትንና መሃል ጣትን ከያዘዎት፣ ያ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ መታመቁን ሊያመለክት ይችላል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆነ የሚደነዝዘው ደግሞ በክርን በኩል የሚያልፈው ሌላኛው ነርቭ ነው። ሁለቱንም ማውዝ በመቀየር አይጠብቋቸው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑና በምን ሰዓት እንደሚብስ ጽፈው ይውሰዱ፤ ለምርመራው መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው።